የራስ ዙሪያ ልክ፦ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትና የወላጆቻቸው ሥጋት ታሪክ

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በጋ በመጣ ቁጥር የኒው ዮርክ ሰው ለመዝናናት ወደ ኮኒ አይላንድ የባሕር ዳርቻ ይጎርፍ ነበር። እዚያ ከልዩ ልዩ ጨዋታውና ትርኢቱ መሐል 25 ሳንቲም የሚያስከፍል አንድ አዳራሽ ነበር። ከፍሎ የገባ ሰው የሚያየው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተኙ፣ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ነው። ማርቲን ኩኒ የተባለ ሰው ይህን አዳራሽ ከ1903 እስከ 1943 በየበጋው ሲከፍት ኖሯል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከወላጆች አምስት ሳንቲም አይቀበልም፤ የነርሶቹን ደመወዝ፣ ጡት ለሚያጠቡት ሴቶች የሚከፈለውንና የማሞቂያውን ወጪ የሚሸፍነው የተመልካቹ ገንዘብ ነው።

ዛሬ ሲሰሙት ይዘገንናል። ይሁንና በዚያ ዘመን አብዛኞቹ ሆስፒታሎች ለእነዚህ ሕፃናት የሚሆን ክፍልም ዕቃም አልነበራቸውም፤ የሚተርፉም አይመስላቸውም ነበር። ኩኒ ሐኪም መሆኑ እስከ ዛሬ ቢያጠያይቅም፣ በእጁ ካለፉት 8,000 ያህል ሕፃናት 6,500 ገደማ የሚሆኑት እንደተረፉ ይነገራል። የገዛ ልጁም ያለ ጊዜዋ ተወልዳ በዚያው ዓይነት ማሞቂያ ውስጥ ያደገች ናት።

ከነርሶቹ አንዷ በተመልካች ፊት የምታደርገው ነገር ነበራት። የጣት ቀለበቷን አውልቃ በሕፃኑ እጅ ታሾልካለች፤ ቀለበቱ ያለ ችግር አንጓው ላይ ይደርሳል። ሕፃናቱ የበለጠ ትንሽ ሆነው እንዲታዩም ሰፋ ያለ ልብስ ይለብሱ ነበር። እንዲህ ያለ ክንድ፣ እንዲህ ያለ ደረት ያለውን ፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው ራሱ ላይ ነው፤ ከቀረው ሰውነት ጋር ጨርሶ የማይመጣጠን፣ አንገቱ የማይሸከመው የሚመስል ራስ።

ያን ጊዜ ግን የራስ ትልቅነት የወላጆች ጭንቀት አልነበረም። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ይተርፋል ወይስ አይተርፍም? «ራሱ ለምን ተለቀ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ሕፃናቱ መትረፍ ከጀመሩ በኋላ ነው። ይህ ሥጋት በየአገሩ ሲገባ ያየነው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ መጀመሪያ ሙቀትና ምግብ፣ ቀጥሎ እስትንፋስ፣ ከዚያ በኋላ ራስ። ሕፃኑ የመጀመሪያዎቹን በሮች ካላለፈ ወላጆቹ ወደዚህኛው አይደርሱም።

የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ፈረንሳዮች ናቸው። የፓሪሱ የማዋለጃ ሐኪም ስቴፋን ታርኒዬ የዶሮ እንቁላል የሚፈለፈልበትን ማሞቂያ አይቶ ለሕፃናት የሚሆን እንዲሠራለት አዘዘ፤ መሣሪያው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ላይ ሲውል ክብደታቸው ከ2 ኪሎ በታች የሆኑ ሕፃናት ሞት ከ66 በመቶ ወደ 38 በመቶ ወረደ። ተማሪው ፒዬር ቡደን ደግሞ እናቲቱ ከልጇ እንዳትለይ፣ ጡቷ እንዳይደርቅ አጥብቆ የሚከራከር ሰው ነበር። የሕፃኑ ክብደት በየቀኑ ይመዘን ጀመር። የራስ ዙሪያ ልክ ግን ገና የማንም ጉዳይ አልነበረም።

አሁን ወደ ራሱ እንመለስ። ሰው በማሕፀን የሚያድገው ከላይ ወደ ታች ነው። በሁለተኛው የእርግዝና ወር ራስ የጽንሱን ቁመት ግማሽ ያህል ይይዛል፤ በዘጠኝ ወር ሲወለድ ሩብ፣ አዋቂ ሲሆን አንድ ስምንተኛ። በ28 ሳምንቱ የተወለደ ሕፃን እንግዲህ ሩብ ላይ ከመድረሱ በፊት የወጣ ነው። ራሱ ዙሪያውን ሲለካ 26 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ቀኑ ሞልቶ ቢወለድ ኖሮ 34 ወይም 35 ይሆን ነበር። በእነዚያ 12 ሳምንታት ውስጥ በእናቱ ማሕፀን ሊጨምር የነበረውን ስምንት ዘጠኝ ሴንቲሜትር አሁን በወላጆቹ ዓይን ፊት መጨመር አለበት።

ሥጋቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑ ክብደት ይቀንሳል፣ ራሱም ባለበት ይቆማል። ከዚያ ወተቱ ሲስማማው አንጎል ድርሻውን ቀድሞ ይወስዳል፤ ራስ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ሴንቲሜትር ሲጨምር እጅና እግር ገና ቀጭን ነው፣ ጉንጭም አልሞላም። ወር ከምናምን ሲሆነው እናቲቱ ባለፈው ሳምንት ልክ የነበረው ኮፍያ እንደጠበበ ትገነዘባለች። በዚያ ላይ የራስ ቅሉ ለስላሳ ስለሆነና ሕፃኑ በማሞቂያ ውስጥ ብዙውን ጊዜ በጎኑ ስለሚተኛ ራሱ ከጎንና ጎን ጠበብ፣ ከፊት ወደ ኋላ ረዘም ይላል። የረዘመ ነገር ዙሪያው ከክቡ ይበልጣል፤ በውስጡ ያለው አንጎል እኩል ሆኖ ሳለ ሜትሩ ላይ ትልቅ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ወላጆች የሚያዩት ነገር እውነት ነው፤ ራሱ ትልቅ ነው፣ በፍጥነትም እያደገ ነው፣ ቅርጹም እንግዳ ነው። ይህ ሁሉ ጤንነት ሊሆን ይችላል።

ላይሆንም ይችላል። ከሺህ ዓመት በፊት ኮርዶባ ውስጥ የኖረው ታላቁ የቀዶ ሕክምና ሊቅ አል ዘህራዊ፣ ራሱ ውሃ ሞልቶ ዕለት ዕለት ይተልቅ የነበረ፣ በመጨረሻ ራሱን ተሸክሞ መቀመጥ ያቃተውና የሞተ ወንድ ልጅ እንዳየ ጽፏል። በሽታውን ከእሱ በፊት ግሪኮችም ያውቁት ነበር። የኤዲንብራው ሮበርት ዊት በ1768 ታትሞ በወጣው መጽሐፉ ምልክቶቹን ዘርዝሯል። ሁሉም የጻፉት ስለ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒት ግን የላቸውም። አንዳንዱ የልጁን ራስ በጨርቅ አጥብቆ ያስራል፣ አንዳንዱ በመርፌ ወግቶ ውሃውን ያወጣል፤ ውሃው ግን ተመልሶ ይሞላል።

ለምን እንደሚመለስ የታወቀው ዘግይቶ ነው። አንጎል ውስጥ ባሉት ክፍተቶች የሚመነጭ ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ በአዋቂ ሰው በቀን ግማሽ ሊትር ገደማ ይመረታል። በጠባብ መተላለፊያዎች አልፎ አንጎልንና አከርካሪን ይከብብና መልሶ ወደ ደም ይገባል። መተላለፊያው ሲዘጋ ወይም የመመለሻው መንገድ ሲጠፋ ፈሳሹ ይጠራቀማል። የአዋቂ የራስ ቅል ስለገጠመ አይሰፋም፤ የሕፃን ግን አጥንቶቹ ገና አልተገጣጠሙምና ራሱ ይለጠጣል። በ1910ዎቹ ባልቲሞር ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ዋልተር ዳንዲና ኬነዝ ብላክፋን በክፍተቶቹ ውስጥ ቀለም ጨምረው ቀለሙ በጀርባ በኩል በሚቀዳው ፈሳሽ ውስጥ መታየት አለመታየቱን በመመልከት፣ መንገዱ የት ላይ እንደተዘጋ መለየት ቻሉ። በ1923 የቦስተኑ ዊልያም ሚክስተር የሽንት ቧንቧ ለማየት የተሠራ መሣሪያ ተጠቅሞ በዘጠኝ ወር ሕፃን አንጎል ውስጥ አዲስ ቀዳዳ ከፈተላት። ልጅቷ ዳነች፤ ዘዴው ግን በወቅቱ መሣሪያ እጅግ አስቸጋሪ ስለነበር ለብዙ አሥርት ዓመታት ተረስቶ ቀረ።

በሕክምናው ታሪክ ትልቁን ለውጥ ያመጣው ሐኪም አልነበረም። ጆን ሆልተር ፊላደልፊያ ውስጥ በአንድ የቁልፍ ፋብሪካ የሚሠራ የማሽን ባለሙያ ነበር። በኅዳር 1955 ልጁ ኬሲ ተወለደ። ኬሲ ያለ ጊዜው የተወለደ አልነበረም፤ አከርካሪው ሳይገጥም የተወለደ ነበርና ብዙም ሳይቆይ ራሱ ውሃ መቋጠር ጀመረ። ሐኪሞቹ በእርግብግቢቱ በኩል መርፌ እያስገቡ ፈሳሹን በተደጋጋሚ ይቀዱ ነበር። አባት ቆሞ ያያል። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ በዚያ ክፍል መቆም ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይሳነውም።

የቀዶ ሐኪሙ ዩጂን ስፒትዝ ችግሩን አስረዳው። ፈሳሹን ከአንጎል ወደ ልብ በሚሄድ የደም ሥር በቱቦ ማሻገር ይቻላል፤ ስፒትዝ ራሱ ከፍራንክ ኑልሰን ጋር በ1949 ሞክሮታል። የሚያስቸግረው ቫልቩ ነው። ግፊቱ ሲጨምር መከፈት፣ ሲቀንስ መዘጋት፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከልከል አለበት፤ በሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሳይዘጋም መቆየት አለበት። ሆልተር ለዚህ የሚሆን ዓይን ነበረው። ነርሶች ለታካሚ መድኃኒት ሲሰጡ የጎማውን ቱቦ በመርፌ ወግተው መርፌውን ሲያወጡት ጎማው ራሱን በራሱ እንደሚገጥም አስተውሎ ነበር። ጎማ ላይ ጠባብ ስንጥቅ ቢደረግ፣ ከውስጥ ሲገፋ ይከፈታል፣ ግፊቱ ሲያቆም ይገጥማል፣ ከውጭ የሚመጣውን አያስገባም። የመጀመሪያውን ሞዴል ከኮንዶም ጎማ ሠራው። ሰውነት የሚቀበለውና በእንፋሎት ሲቀቀል የማይበላሽ ነገር ሲፈልግ ሲሊኮን ዘንድ ደረሰ፤ ያን ጊዜ ሲሊኮን ገና አዲስ ነገር ነበር።

ቫልቩ በመጋቢት 1956 ለመጀመሪያ ጊዜ የተተከለው ኬሲ ውስጥ አይደለም፤ ኬሲ በዚያ ሰሞን ለቀዶ ሕክምና የሚበቃ አቅም አልነበረውም። የተተከለው በሌላ ሕፃን ነው፣ ሠራም። ሆልተር በዚያው ዓመት ቫልቩን በብዛት ማምረት ጀመረ፤ ከዚያ በኋላ በብዙ አገሮች በሺህ የሚቆጠሩ ልጆች በእሱ ኖሩ። ኬሲ ግን አምስት ዓመት ገደማ ኖሮ ሞተ። ይህን ታሪክ ለሚያነብ ወላጅ የሚከብደው የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ነው፤ ሆልተር ግን ልጁ ከሞተ በኋላም ሥራውን አልተወም።

ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ሌላ አባት ተመሳሳይ ነገር አደረገ። የእንግሊዙ የልጆች መጻሕፍት ደራሲ ሮአልድ ዳል የአራት ወር ልጁ የነበረበት የሕፃን ጋሪ በታኅሣሥ 1960 ኒው ዮርክ ውስጥ በታክሲ ተገጨና ልጁ አንጎሉ ውስጥ ፈሳሽ ቋጠረ። የተተከለለት ቱቦ ደጋግሞ ሲዘጋበት ዳል የሞዴል አውሮፕላን ፓምፕ የሚሠራውን ስታንሊ ዌድንና የቀዶ ሐኪሙን ኬነዝ ቲልን አገናኝቶ አዲስ ቫልቭ አሠራ። ልጁ ያለ እሱ ዳነ፤ ቫልቩ ግን ለሌሎች ልጆች አገለገለ፣ ሦስቱም ትርፍ አልወሰዱበትም።

እስከዚህ ድረስ ቫልቭ የተተከለላቸው ሕፃናት በአብዛኛው ቀናቸውን ጨርሰው የተወለዱ ናቸው። ያለ ጊዜያቸው የተወለዱት ገና እስትንፋስ ላይ ነበሩ። በነሐሴ 1963 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኬኔዲ ልጅ ፓትሪክ አምስት ሳምንት ተኩል ቀድሞ ተወለደ፤ ክብደቱ 2 ኪሎ አለፍ ያለ ነበር፣ ዛሬ ቢሆን ብዙም የማያሠጋ። ሳንባው ስላልበሰለ በ39 ሰዓት ውስጥ ሞተ። የዚያ ሞት ጩኸት ለሕፃናት ሳንባ የሚደረገውን ምርምር አፋጠነው። የመተንፈሻ መሣሪያዎች ተሻሻሉ፤ በ1972 ኒው ዚላንድ ውስጥ ሊጊንስና ሃዊ ምጧ ቀድሞ ለመጣባት እናት የሚሰጥ የስቴሮይድ መርፌ የልጇን ሳንባ እንደሚያበስል አሳዩ። ኋላ እንደታየው ያው መርፌ አንጎል ውስጥ የሚፈሰውንም ደም ይቀንሳል።

አንድ ኪሎ የማይሞሉ ሕፃናት መትረፍ ሲጀምሩ ሐኪሞች ከዚህ ቀደም በሬሳ ምርመራ ብቻ ያዩት የነበረውን ነገር በሕይወት ባሉት ላይ ያዩ ጀመር። ከ32 ሳምንት በፊት በአንጎሉ ክፍተቶች ዳር አዳዲስ ሕዋሳት የሚፈልቁበት ቦታ አለ፤ በውስጡ ያሉት የደም ሥሮች እጅግ ስስ ናቸው። የደም ግፊት ከፍ ዝቅ ሲል፣ ኦክስጂን ሲያጥር ይበጠሳሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ነው። በ1978 የኒው ሜክሲኮዋ ሐኪም ሉ-አን ፓፒልና ባልደረቦቿ ክብደታቸው ከ1,500 ግራም በታች የሆኑ 46 ሕፃናትን በሲቲ ስካን ሲመረምሩ 20ዎቹ አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈስሷቸው አገኙ። ሕመሙን በአራት ደረጃ ከፈሉት፤ እስከ ዛሬ በየማሞቂያ ክፍሉ ሐኪሞች «አንደኛ ደረጃ ነው፣ ሦስተኛ ነው» ሲሉ የሚናገሩት ያንን ነው።

የፈሰሰው ደም ሲረጋ የፈሳሹን መመለሻ መንገድ ሊዘጋ ይችላል። ያኔ ራስ ማደግ ይጀምራል፤ ግን ወዲያው አይደለም። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን አንጎል ለስላሳና ውሃ የበዛበት ነው፤ ክፍተቶቹ ሲሰፉ መጀመሪያ የሚጨመቀው አንጎሉ ነው፣ የራስ ቅሉ የሚለጠጠው ከዚያ በኋላ። በ1975 የታተመ አንድ ጥናት ክፍተቶቹ ከሰፉ ከብዙ ቀናት በኋላ እንጂ የራስ ዙሪያ ልክ ወዲያው እንደማይጨምር አሳየ። ወላጅም ሐኪምም የሚተማመንበት ሜትር ለካ የሚናገረው ዘግይቶ ነው።

ይህን ክፍተት የሞላው አልትራሳውንድ ነው። በ1979 የለንደን ሐኪሞች በድምፅ ሞገድ የሕፃናቱን አንጎል ማየት እንደሚቻል አሳወቁ፤ ብዙም ሳይቆይ በእርግብግቢቱ በኩል መመልከት የተለመደ ሆነ። ጨረር የለውም፣ ሕፃኑን ከማሞቂያው ማውጣት አያስፈልግም። በ1981 ማልኮልም ሌቪን የክፍተቶቹን ስፋት በየሳምንቱ የሚለካበት ሰንጠረዥ አወጣ። ከብዙ ክትትል በኋላ የተገኘው ደግሞ ለወላጆች ትልቅ ትርጉም ያለው ነገር ነበር፤ ደም ከፈሰሳቸው ብዙዎቹ ክፍተታቸው ጥቂት ሰፍቶ በራሱ ጊዜ ይቆማል። በማይቆምላቸው ከራስ ቆዳ ሥር ትንሽ ማጠራቀሚያ ይቀበርና ፈሳሹ በቀጭን መርፌ እየተቀዳ ክብደታቸው 2 ኪሎ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ እስኪሆን ይጠበቃል፣ ሻንት የሚባለው ባለ ቫልቭ ቱቦ የሚገባላቸው ከዚያ በኋላ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ማጠራቀሚያ በ1960ዎቹ የፈጠረው በትውልዱ ፓኪስታናዊ የሆነው አዩብ ኦማያ ነው።

የመለኪያው ወረቀት የራሱ ታሪክ አለው። ሉላ ሉብቼንኮ የተባለች የዴንቨር ሐኪም ከ5,000 በላይ ሕፃናትን መረጃ ሰብስባ በ1963 የክብደት፣ በ1966 ደግሞ የቁመትና የራስ ዙሪያ ሰንጠረዥ አወጣች። በዚያው በዴንቨር ይሠራ የነበረው ጌርሃርድ ኔልሃውስ በ1968 በተለያዩ አገሮች የተደረጉ 14 ጥናቶችን አዋሕዶ ከልደት እስከ 18 ዓመት የሚያገለግል የራስ መለኪያ አሳተመ፤ የዘር ልዩነት ለራስ ልክ ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ የተከራከረበት ሥራ ነው። የሉብቼንኮ ሰንጠረዥ ግን አንድ ወቀሳ ሳይለየው ኖረ። ዴንቨር ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ በከፍታ ቦታ የሚወለዱ ሕፃናት ደግሞ ክብደታቸው ዝቅ ይላል። 2,300 ሜትር ላይ የምትገኘውን አዲስ አበባን ለሚያውቅ አንባቢ ይህ ተራ ክርክር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት አገሮች ጡት የሚጠቡ ሕፃናትን ተከታትሎ ያወጣው መለኪያ የራስ ዙሪያን በ2007 ጨመረ፤ በእሱ መሠረት ቀኑን ጨርሶ የተወለደ ወንድ አማካዩ 34.5፣ ሴት 33.9 ሴንቲሜትር ነው። ያለ ጊዜው ለተወለደ ልጅ ይህ የሚሠራው ቀድሞ የመጣባቸው ሳምንታት ከዕድሜው ላይ ሲቀነሱ ነው። አራት ወር የሆነው፣ ሦስት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ በወረቀቱ ላይ የአንድ ወር ልጅ ነው። ይህ ሳይነገራቸው ከጎረቤት ልጅ ጋር እያስተያዩ እንቅልፍ ያጡ ወላጆች ቁጥር ቀላል አይመስለኝም።

ክሊቭላንድ ውስጥ ሞሪን ሃክ በ1991 ያሳተመችው ጥናት ደግሞ ሥጋቱን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዞረው። እጅግ ዝቅተኛ ክብደት ይዘው ከተወለዱት መካከል በስምንት ወራቸው ራሳቸው ከሚጠበቀው ያነሰ የነበረ ልጆች ትምህርት ቤት ሲገቡ በብዙ ነገር ወደ ኋላ ቀርተው ተገኙ። ወላጅ የሚፈራው የሚያድገውን ራስ ነው፤ ሐኪሙ ግን የማያድገውንም እኩል ይፈራል።

ወደ ኢትዮጵያ ስንመጣ ያው ቅደም ተከተል ይታያል። ዶክተር ሉሉ ሙሄ የመሩትና በ2019 የታተመው ሰፊ ጥናት በአምስት ሆስፒታሎች ከ4,900 በላይ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናትን ተከታትሏል፤ ከሞቱት 45 በመቶ ያህሉን የገደለው ያልበሰለ ሳንባ ነው፣ ቀጥሎ ኢንፌክሽን። ከዚያ በፊት ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ዶክተር አሣዬ ካሴ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕፃናቱ ቶሎ በእናታቸው ደረት ላይ ገላ ለገላ እንዲታቀፉ በማድረግ ሞትን ከ38 በመቶ ወደ 22.5 በመቶ ዝቅ ማድረግ እንደሚቻል በ2005 አሳይተዋል። ዘዴው በ1970ዎቹ መጨረሻ ኮሎምቢያ ቦጎታ ውስጥ የማሞቂያ እጥረት የወለደው ነው። በእናት ደረት ላይ የዋለ ሕፃን ራሱ ከአገጯ ሥር ነው፤ ለውጡን ከማንም ቀድማ የምታየው እሷ ናት።

በአገራችን እርግብግቢት ከጥንት ጀምሮ የሚፈራና የሚጠበቅ ቦታ ነው። አያቶች ቅቤ ያደርጉበታል፣ ራሱን በቅቤ እያሹ ቅርጽ ያስይዙታል፣ ልጁ ከፍ ሲል ጸጉሩን ላጭተው እዚያ ላይ ቁንጮ ይተዋሉ። የዚህ ሁሉ መነሻ ሕፃኑን መውደድ ነው። ነገር ግን ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ የራስ ቅል መጫን የሚችል አይደለም፤ ቅቤና ኮፍያ ሲደራረብበትም እርግብግቢቱ ማበጡን የሚያይ አይኖርም። ያበጠና የተወጠረ እርግብግቢት፣ የሚታዩ የራስ ደም ሥሮች፣ ትውከት፣ ከመጠን ያለፈ እንቅልፍ፣ ወደ ታች ብቻ የሚያይ ዓይን፣ እነዚህ አንዱም ሌሊቱን የሚያሳድር አይደለም። ያለ እነዚህም ቢሆን ሜትሩ በሳምንት ከአንድ ሴንቲሜትር በጣም ያለፈ ጭማሪ ካሳየ አልትራሳውንድ ያስፈልጋል።

የአንጎል ቀዶ ሕክምና ለረጅም ጊዜ በኢትዮጵያ በጣት የሚቆጠሩ ሐኪሞች ሥራ ነበር። በ2006 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ በአገር ውስጥ ስፔሻሊስት የሚያሠለጥን ፕሮግራም ከጀመሩ በኋላ ቁጥሩ ከፍ እያለ መጣ። ሻንት ግን ከተተከለ በኋላም ክትትል ይፈልጋል፤ ሊዘጋ፣ ሊበከል ይችላል፣ ያን ጊዜ ልጁ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ዘንድ መድረስ አለበት። ከገጠር ለመጣ ቤተሰብ ይህ ምን ማለት እንደሆነ በሚገባ የተረዳው በኡጋንዳ፣ ምባሌ ከተማ ውስጥ ከ2001 ጀምሮ የሠራው አሜሪካዊው ሐኪም ቤንጃሚን ዎርፍ ነው። ከሚያክማቸው ሕፃናት ከግማሽ በላዩ በሽታው የያዛቸው ከተወለዱ በኋላ ከገባባቸው ኢንፌክሽን የተነሣ እንደሆነ ተገነዘበ። ሻንት ከመትከል ይልቅ ሚክስተር በ1923 የሞከረውን መንገድ በዘመናዊ ካሜራ እንደገና አንሥቶ፣ ፈሳሹን የሚያመነጨውን ሕብረ ሕዋስ ከማቃጠል ጋር አዋሐደው። በ2017 የወጣው የምባሌ ጥናት 100 ሕፃናትን አወዳድሮ ሁለቱ መንገዶች በአንድ ዓመት ውስጥ የልጆቹን እድገት በተመለከተ ጉልህ ልዩነት እንደሌላቸው አሳየ። የቦስተን ሐኪሞች ሳይቀሩ ዘዴውን የተማሩት ከምሥራቅ አፍሪካ ነው።

ኢንፌክሽን ከቀዳሚዎቹ ገዳዮች አንዱ በሆነበት አገር የምባሌ ግኝት ዋና ነገር ነው። የእትብት ንጽሕና፣ የእጅ መታጠብ፣ ትኩሳት ሲመጣ ቶሎ መታከም፣ የነገውን ትልቅ ራስ ዛሬ የሚከላከሉ ናቸው። የማሞቂያ ክፍሎች እየበዙ፣ ትንንሾቹ እየተረፉ ሲሄዱ ራስ ለመለካት የሚመጡ ልጆች ቁጥር ይጨምራል።

ከእነዚህ ብዙዎቹ ጤነኞች ናቸው። ሕፃኑ ይጠባል፣ ይስቃል፣ እርግብግቢቱ ለስላሳ ነው፣ አልትራሳውንዱም ደህና ነው፤ ራሱ ግን ከሰንጠረዡ የላይኛው መስመር ወጥቷል። ለዚህ ጥያቄ ዊቨርና ክርስቲያን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980 ባሳተሙት ሥራ ቀላል መልስ ሰጡ፦ የወላጆቹን ራስ ለኩ። የአባትና የእናት ልክ ተወስዶ አማካዩ ሲሰላ፣ የልጁ ራስ ከዚያ ቤት ከሚጠበቀው ውስጥ ይገባ እንደሆነ ይታያል። የአዋቂ ወንድ አማካይ 57 ሴንቲሜትር ገደማ ነው፤ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ አባት ልጁም ያንኑ መውረሱ አያስገርምም። ሕፃናት ሐኪሞች ይህን እስከ ዛሬ ያደርጋሉ፤ ሜትሩን ከልጁ ራስ አንሥተው አባትየውን ባርኔጣህን አውልቅ ይላሉ። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን ልጁ እንደገና ይለካል፣ ምክንያቱም ትልቁ ራስ ከቤተሰብ የመጣ ነው የሚባለው መስመሩ ጥቂት ከወጣ በኋላ ተረጋግቶ ከሰንጠረዡ መስመሮች ጋር ጎን ለጎን መሄድ ሲጀምር ነው።